ለአንድ ጊዜ የተሠራ እጀታ፣ መጣል ለማይችል ሆስፒታል

ከሜልበርን መሀል ከተማ በስተምዕራብ የምትገኘው ያራቪል በሰሜን በኩል ከፉትስክሬይ ጋር ትዋሰናለች። ፉትስክሬይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና የበርበሬ ሱቆች የተሰባሰቡበት ሰፈር ነው። በዙሪያው ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከልም በሆስፒታሎችና በአረጋውያን መንከባከቢያዎች የሚያገለግሉ ጥቂት አይደሉም። በአገር ቤት እንደ ብርቅ የሚቆጠር የሕክምና ዕቃ እዚህ ከአንድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሲገባ የሚያዩት እነርሱ ናቸው። አይቶ ማለፍ ይከብዳል። ስለዚህም "ተሰብስቦ ለአገር ቤት ቢላክስ?" የሚለው ሐሳብ ወገን በተሰበሰበበት ሁሉ ይነሳል።

ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ከሚጣሉት ዕቃዎች አንዱን፣ የኮተሪ እጀታን፣ ቀረብ ብሎ የመረመረ ሰው ችግሩ የሚጀምረው ከቆሻሻ መጣያው ሳይሆን እጀታው ከተነደፈበት ጠረጴዛ እንደሆነ ይረዳል።

ኮተሪ በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ስም ነው፤ አውስትራሊያውያን ዳያተርሚ ይሉታል። እጀታው በመልኩም በአያያዙም እስክሪብቶ ይመስላል። ከጫፉ ጠፍጣፋ የብረት ምላስ ብቅ ብሏል፤ ኤሌክትሮዱ እርሱ ነው። ሐኪሙ ጣቱን በሚያሳርፍበት በኩል ሁለት ቁልፎች አሉ፤ ቢጫው ለመቁረጥ፣ ሰማያዊው ደም ለማቆም። ከኋላው የሚወጣው ሽቦ ከማሽኑ ጋር ያገናኘዋል።

ብዙ ሰው እንደሚገምተው ጫፉ የጋለ ብረት አይደለም። በባህላዊ ሕክምና ሰው ሲተኮስ ብረቱ በእሳት ይግልና ገላ ላይ ያርፋል፤ ሙቀቱም ከብረቱ ወደ ሥጋው ይሻገራል። በኮተሪ ግን ሙቀቱ የሚወለደው በራሱ በሥጋው ውስጥ ነው። ኤሌክትሪኩ ከጫፉ ተነስቶ በሕመምተኛው ሰውነት ያልፍና ጭኑ ወይም ሌላ ሥጋማ ቦታ ላይ በተለጠፈ ሰፊ የመመለሻ ፓድ በኩል ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ጫፉ ጠባብ በመሆኑ ፍሰቱ በአንዲት ነጥብ ይታፈናል፤ እዚያም ሥጋው ይቃጠላል። ፓዱ ሰፊ በመሆኑ ያው ፍሰት ተበታትኖ ይወጣል፤ ቆዳው ጉዳት አይደርስበትም። በቤት ግድግዳ ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ጡንቻን ያንዘፈዝፋል፣ ልብንም ሊያቆም ይችላል። የኮተሪው ማሽን ምልልሱን በሰከንድ ወደ ብዙ መቶ ሺህ ያሳድገዋል። ነርቭና ጡንቻ ይህን ፍጥነት መከተል ስለማይችሉ ሕመምተኛው ሳይንዘፈዘፍ ሥጋው ብቻ ይሞቃል። ፍሰቱ ሳይቋረጥ ሲመጣ በሕዋሳት ውስጥ ያለው ውኃ ባንድ አፍታ ፈልቶ ሕዋሱን ያፈነዳዋል፤ ይህ መቁረጥ ነው። እየተቆራረጠ ሲመጣ ደግሞ ሥጋው ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ደሙም ይረጋል።

መሣሪያው በቀዶ ሕክምና ክፍል ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1926 በቦስተን ነው። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሃርቪ ኩሺንግ ከዚያ ቀደም ብሎ የደም መፍሰስ አስገድዶት ያቋረጠውን የዕጢ ቀዶ ሕክምና በዚያ ዕለት በዊልያም ቦቪ ማሽን ቀጠለ፤ ተሳካለትም። ቦቪ ሐኪም አልነበረም። በዕፅዋት ሳይንስ የተመረቀና በጨረራ ምርምር ላይ የተሠማራ ሰው ነበር። ማሽኑን ያሻሻለው ግን ከኩሺንግ ጎን ቆሞ፣ ሐኪሙ የቸገረውን በዓይኑ እያየ ነው። ይህ የታሪክ ጌጥ ብቻ አይደለም። ከመቶ ዓመት በኋላ እጀታውን የሚነድፈው መሐንዲስ የሚያየው ሐኪም አንድ ዓይነት ነው፤ ዕቃ የማያልቅበት ሐኪም።

ዛሬ በሜልበርንና በመሰል ከተሞች በብዛት የሚገኘው እጀታ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የተሠራ ነው። በማሸጊያው ላይ ክብ ውስጥ የገባና መስመር የተሠረዘበት የ2 ቁጥር ምልክት ታትሟል፤ ሁለተኛ እንዳትጠቀሙበት ማለት ነው። ገላው በሁለት ግማሽ ተቀርፆ በሙቀት ወይም በድምፅ ሞገድ የተጣበቀ ርካሽ ፕላስቲክ ነው። ብሎን የለውም፣ አይከፈትም። ከቁልፎቹ ሥር ያለው ቀጭን የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ከጥቂት ሰዓት በላይ እንዲቆይ አልታሰበም። ይህ ንድፍ ሞኝነት አይደለም። የሠራተኛ ደሞዝ ውድ በሆነበት፣ አዲስ እጀታ በየማለዳው ከመጋዘን በሚመጣበት አገር ከማጠብ መጣል ይቀላል። ማጠቢያ ክፍሉ ይቃለላል፣ የኢንፌክሽን ጥርጣሬም አይኖርም። ንድፉ ለታሰበለት ቤት ልክ ነው።

ያው እጀታ በኢትዮጵያ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሲደርስ ግን ቤቱ ይለወጣል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ ደረጃ እያሠለጠነች ወደ ገጠር ስትልክ ቆይታለች። የቀዶ ሐኪም በሌለበት ቦታ ምጥ የጠናባትን እናት የሚታደጉት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ደም እንደ ልብ በማይገኝበት ሆስፒታል እያንዳንዷ የደም ጠብታ ዋጋ አላት፤ ኮተሪውም የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ስለዚህ የመጨረሻው እጀታ አይጣልም። በኬሚካል ይዘፈዘፋል፣ ይወለወላል፣ ሽቦው ሲላጥ በፕላስተር ይጠቀለላል፣ ለማግስቱ ሕመምተኛም ይዘጋጃል። በ121 ወይም በ134 ዲግሪ እንፋሎት በሚሠራው አውቶክሌቭ ቢገባ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ያ እንዳይሆን መዘፍዘፍ ብቸኛው መንገድ ይሆናል።

የዘፈዘፈውን ነርስ መውቀስ ቀላል ነው፤ ስህተትም ነው። ከፈሳሹ ጥቂቱ በቁልፉ ስንጥቅ ገብቶ ይቀራል። እዚያ የቀረ ደም በብሩሽ አይደረስበትም። ብረቱ ይዝጋል፤ ቁልፉም ተጭኖ ሊቀር ወይም ማንም ሳይነካው ማሽኑን ሊያስነሳ ይችላል። ሕመምተኛው ሆድ ላይ ተጋድሞ ተራውን የሚጠብቅ እጀታ በራሱ ሲነሳ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም። ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ በደንብ ካልደረቀ አንድ ብልጭታ እሳት ታስነሳለች። የሽቦው ሽፋን ከተሰነጠቀ ደግሞ ፍሰቱ በሐኪሙ ጓንት በኩል መንገድ ይፈልጋል።

ንድፍ የበደለውን ሥራው ቦታ ላይ በብልሃት ማቃናት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለያራቪል ነዋሪ ከሩቅ ምሳሌ ማምጣት አያስፈልግም። የዌስት ጌት ድልድይ ከሰፈሩ ደቡብ በላይ ተዘርግቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1970 ድልድዩ ገና በግንባታ ላይ ሳለ በምዕራቡ ዳርቻ ያለው አካሉ ወድቆ 35 ሠራተኞች ሞቱ። ጎን ለጎን የሚገጣጠሙት ሁለት ግማሽ የብረት አካላት በከፍታ አልተመጣጠኑም ነበር፤ ልዩነቱ 11 ሴንቲሜትር ግድም ነበር። ከፍ ያለውን ለማጎንበስ እያንዳንዳቸው 8 ቶን የሚመዝኑ የኮንክሪት ብሎኮች ተጫኑበት። ብረቱ እጥፍ አለ። እጥፋቱን ለማቃናት ብሎኖች ሲፈቱ ድልድዩ ከነሰዎቹ ወረደ። በዚያ ማለዳ ብሎን የፈቱት ሰዎች ችግር ፈጣሪዎች አልነበሩም፤ ወርሰውታል እንጂ። የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽኑም ምክንያቱን ከዲዛይኑና ከተመረጠው የአገጣጠም ዘዴ አገኘው። የተጣመሙት የድልድዩ ብረቶች ዛሬ በሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች በሚመላለሱበት ግቢ ቆመዋል።

ድልድይና እጀታ በመጠን አይወዳደሩም። አንድ ነገር ግን ያዛምዳቸዋል፤ በወረቀት ላይ ያልታሰበው ጉድለት ሥራው ላይ ወዳለው ሰው እጅ ይወርዳል፣ እርሱም ባለው ነገር ያቃናዋል። በኢትዮጵያ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ ፕላስተርና ዘፍዛፊ ኬሚካል የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው።

"ከምንም ይሻላል" የሚለው መልስ ወዲያውኑ ይመጣል። እውነትም አለው። ደም የሚፈስሳት ሴት ፊት ለፊት የቆመ ሐኪም በተዘፈዘፈ እጀታና በባዶ እጅ መካከል ቢመርጥ እጀታውን ያነሳል፤ ማንም በዚህ ሊፈርድበት አይገባም። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚያገለግለው ለዚያች ደቂቃ ነው። ከሜልበርን መጋዘን ዕቃ ለሚመርጥ፣ ለወራት በመርከብ ለሚልክና ለመምረጥ ጊዜ ላለው ሰው አያገለግልም። ለነዳፊው ደግሞ ፈጽሞ አያገለግልም። በአውስትራሊያ ሕግ ለአንድ ጊዜ የተሠራን ዕቃ መልሶ ለአገልግሎት የሚያዘጋጅ ወገን እንደ አምራች ተቆጥሮ ይጠየቃል። እዚህ ሊደረግ የማይፈቀደውን ነገር እዚያ እንደሚደረግ እያወቁ ዕቃውን ብቻ መላክ አንድን ሕይወት በሁለት ሚዛን መመዘን ነው።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። በአውቶክሌቭ ተደጋግሞ የሚበስል እጀታ በገበያ ላይ አለ። ገላው ሙቀት ከሚችል ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ሽቦው በሲሊኮን የተሸፈነ ነው፤ ስንት ጊዜ ሊበስል እንደሚችል አምራቹ ይገልጻል። ዋጋው ከሚጣለው አሥር እጥፍ ቢሆን እንኳ፣ የማጠቢያው ወጪ ሳይዘነጋ፣ ሒሳቡ ከጥቂት ሳምንት ሥራ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ያጋድላል። የብረት ምላሱ ግንድ በአብዛኛው 2.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው በመሆኑ የአንዱ አምራች ጫፍ በሌላው እጀታ ይገባል። ይህ ትንሽ የመሰለ ስምምነት ለመለዋወጫ እጥረት ከብዙ ጉባኤ ይልቅ ጠቅሟል።

ከዚህም የሚቀል አለ። ቁልፎቹን ከእጀታው አውጥቶ ወደ እግር መርገጫ ማዛወር። ያኔ እጀታው ውስጥ የሚበላሽ ነገር አይቀርም፤ በመከላከያ የተሸፈነ ብረት ብቻ ይሆናል። ውኃ የሚገባበት ስንጥቅ፣ የሚዝግ መገጣጠሚያ የለውም። እርግጥ ሐኪሙ ዓይኑን ከሕመምተኛው ሳይነቅል በእግሩ ቢጫውን ከሰማያዊው መለየት አለበት፤ የተሳሳተ መርገጫ የረገጠ ሐኪም አጋጥሞ ያውቃል። ያ ግን በሥልጠና የሚታረም ጉድለት ነው። በቁልፍ ውስጥ የተደበቀ ዝገት በሥልጠና አይታረምም።

ባይፖላር የሚባለው ወረንጦ በዚህ ረገድ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ሁለቱ የወረንጦው ጫፎች ሁለት ኤሌክትሮዶች ናቸው። ፍሰቱ ከአንደኛው ወደ ሌላኛው በመካከላቸው በተቆነጠጠው ሥጋ ብቻ ያልፋል። በሕመምተኛው ሰውነት አይንሸራሸርም፤ የመመለሻ ፓድም አይሻም። ብረት ስለሆነ ይታጠባል፣ ይበስላል። አሜሪካዊው ጄምስ ግሪንውድ እ.ኤ.አ. በ1940 ያስተዋወቀው፣ በኋላም ሌናርድ ማሊስ ያሻሻለው ይህ መሣሪያ ለአንጎል ቀዶ ሕክምና ቢታሰብም ደም ለማቆም የትም ያገለግላል። እንደ እጀታው ግን ሥጋ እየቆረጠ አይሄድም። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ስለ እጀታው ሲወራ ፓዱ መረሳት የለበትም። እንዲያውም ከሁለቱ አስፈሪው እርሱ ነው። ለአንድ ጊዜ የተሠራ ፓድ ሙጫው ሁለተኛ በደንብ አይይዝም። ግማሹ ሲላቀቅ ያ ሁሉ ፍሰት በቀረችው ጠባብ ቦታ ይወጣል፤ ማለትም ፓዱ ራሱ ሁለተኛ ኤሌክትሮድ ይሆናል። ሕመምተኛው በማደንዘዣ ስለተኛ አይጮህም። ቃጠሎው የሚታየው ጨርቁ ሲገለጥ ነው። ዘመናዊ ማሽኖች በሁለት የተከፈለ ፓድ እየለኩ፣ ሲላቀቅ ጮኸው ሥራ ያቆማሉ። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ለማሽኑ የሚስማማ ፓድ ሲኖር ነው። ያልተከፈለ ፓድ ሲገጠምለት መላቀቁን የሚለካበት መንገድ የለውም። ማሽኑን ያለ ፓዱ መላክ በር አልባ ቁልፍ እንደመላክ ነው።

ጭሱም አለ። ሥጋ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ቤንዚንና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የመሳሰሉ መርዞችን፣ እጅግ ደቃቅ ብናኞችን፣ አንዳንድ ጊዜም የቫይረስ ቅሪት ይይዛል። ተራው የቀዶ ሕክምና ጭምብል ይህን አያጣራም። የያራቪል ሰዎች በፍራንሲስና በሰመርቪል መንገዶች ወደ ወደብ ይመላለሱ የነበሩት ከባድ መኪናዎች ይተፉት የነበረውን የናፍጣ ጭስ ለዓመታት ተሟግተውበታል፤ የሚተነፍሱት አየር ጉዳይ ነውና ትክክል ነበሩ። መስኮት በሌለው የቀዶ ሕክምና ክፍል ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ ነርሶች ያንኑ ሙግት የሚያቀርቡበት ቦታ ያንሳቸዋል። ጭስ የሚመጥ ቱቦ አብሮት የተገጠመለት እጀታ ተሠርቷል፤ ግን አብዛኛው ይኸም የሚጣል ነው። ረዳቱ የመምጠጫውን ቱቦ ከጫፉ ጥቂት ሴንቲሜትር አርቆ እንዲይዝ ማድረግ ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ስለ መጠገንም አንድ ነገር መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና በብዙ ድሃ አገሮች የሚገኙ ሆስፒታሎችን የዳሰሰ ጥናት ከሕክምና መሣሪያዎቹ 40 በመቶ የሚጠጉት ከአገልግሎት ውጭ ሆነው አገኛቸው። በኢትዮጵያ በጅማ፣ በአዲስ አበባና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል መሐንዲሶች ይሠለጥናሉ። የሚጣበቅ እጀታ ለእነርሱ የተዘጋ ሳጥን ነው። በብሎን የሚከፈት፣ የሽቦው ሥዕል የተያያዘለት፣ ቁልፉ ለብቻው የሚለወጥ እጀታ ግን ሥራ ይሰጣቸዋል። በጅማ የሚማር ወጣት የተሻለ እጀታ ሊነድፍ የማይችልበት ምክንያትም የለም። እርሱ ቦቪ ከኩሺንግ አጠገብ ቆሞ እንዳየው ሁሉ፣ ችግሩን ከአጠገቡ ያየዋል። የሚጎድለው ንድፉን በዓለም አቀፉ የከፍተኛ ድግግሞሽ ቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች መስፈርት የሚፈትንበት ቤተ ሙከራ ነው። የውጭ እርዳታ እዚህ ላይ ቢያርፍ ከአንድ ኮንቴይነር ዕቃ ይበልጥ ይቆይ ነበር።

ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ ከተሻገረው የቀዶ ሕክምና እርዳታ ሁሉ የገነነው የካትሪን ሃምሊን ሥራ መሆኑ ለዚህ ያግዛል። ከባለቤቷ ሬጂናልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የገባችው ሐኪም እስከ ሞተችበት 2020 ድረስ እዚያው ኖረች። እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የፊስቱላ ሆስፒታል የሚታወቀው በመጋዘኑ ሳይሆን ባፈራቸው እጆች ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በሕመምተኛነት መጥተው በኋላ ራሳቸው ባለሙያ የሆኑ ሴቶች እጆች ናቸው።

በሜልበርን ምዕራብ ሆኖ ለአገር ቤት ሆስፒታል መርዳት የሚፈልግ ሰው ሳጥን ከማሸጉ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ሆስፒታሉ ያለው የኮተሪ ማሽን የትኛው ነው? መሰኪያውስ ባለስንት እግር ነው? አውቶክሌቩ ይሠራል? የመመለሻ ፓድ ለስንት ወር ይበቃዋል? የእግር መርገጫው አለ ወይስ ጠፍቷል? በአውስትራሊያ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ ከኢትዮጵያው ጋር ይቀራረባል፤ የግድግዳ መሰኪያው ግን አይገጥምም። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ማሽን ደግሞ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በአንድ የስልክ ጥሪ ይገኛል፤ መደወል ያለበትም ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን እጀታውን በየቀኑ ለምትዘፈዝፈው ነርስ ነው።